ጎማችሁ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁታል?

(በባሕር ዳር ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

ከኋላ ያላችሁትም ትሰሙኛላችሁ? እሺ፣ ጥሩ።

«የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ» ተብዬ ስተዋወቅ አንዳንዶቻችሁ እርስ በርስ ስትተያዩ አይቻለሁ። «ዛሬ ደግሞ ምን አታድርጉ ሊለን ይሆን?» ማለታችሁ ነው። አልፈርድባችሁም። እኔም እናንተ በተቀመጣችሁበት አግዳሚ ወንበር ላይ ሳለሁ እንዲህ ዓይነት እንግዳ ሲመጣ ደብተሬ ጀርባ ላይ ሥዕል ነበር የምሥለው። ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ ብስክሌት ላወራችሁ ነው። ስለ ጎማ ንፋስ፣ ስለ ካቴና፣ ስለ ፍሬን። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሶሲዮሎጂ ተምሮ ስለ ጎማ የሚያወራ ሰው ግራ ያጋባችሁ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራዬ ቤት ለቤት መዞር ነው። ዛሬ ዓባይ ማዶ፣ ነገ ቀበሌ 14፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ሰፈር። በባጃጅ ልዙር ብል ደመወዜ ወሩን አይዘልቅም፤ ስለዚህ በብስክሌት ነው የምዞረው። ባሕር ዳር ደግሞ ለዚህ የተፈጠረች ከተማ ናት። ከቤዛዊት ኮረብታ በስተቀር ይህ ነው የሚባል ዳገት የላትም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ እንኳ ለብስክሌት መስመር ተሠርቶለታል። ወላጆቻችን ወደ ሥራና ወደ ገበያ፣ እኛ ወደ ትምህርት ቤት በብስክሌት ስንመላለስ ነው ያደግነው። ሆኖም መንዳቱን እንጂ አያያዙን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም።

ዛሬ ጠዋት በሩ አጠገብ ከተደረደሩት ብስክሌቶቻችሁ ውስጥ የሃያዎቹን ጎማ በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ይቅርታ፣ ሳላስፈቅድ ነው። የአሥራ አራቱ ጎማ እንደ ሊጥ ጎድጎድ ይላል። የሁለቱ ደግሞ ድንጋይ ነው። ደህና ሆነው ያገኘኋቸው አራት ብቻ ናቸው። ከእነዚያ ከአራቱም የአንዱ የፊት ፍሬን ላስቲክ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን እየፋቀው ነው። ባለቤቱ እዚህ ካለህ ወይም ካለሽ፣ ዛሬ ወደ ቤት እየገፋችሁት ሂዱ። አልቀለድኩም።

ያልቀለድኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

በ2004 ዓ.ም. የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ 26 ቁጥር ብስክሌት ነበረችው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲያውሰኝ ልብሱን እተኩስለት ነበር። አንድ ቅዳሜ የ6ኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ታናሽ እህቴ «እኔንም ውሰደኝ» ብላ አለቀሰች። ዓባይን ከላይ ሆነን እንይ ተባባልንና ወደ ቤዛዊት ልወስዳት ቃል ገባሁ። ጎማው ተንፍሶ ስለነበር መጀመሪያ መኪና ጎማ ወደሚሞላ ጎሚስታ ሄድኩ። ሰውየው የአንድ ሚኒባስ ጎማ እየፈታ ነበር። ቱቦውን ተቀብዬ ራሴ ሞላሁት። ምን ያህል? እስኪጠነክር ድረስ። በጣቴ ስጫነው አልነካ ሲለኝ ደስ አለኝ። የጠነከረ ጎማ ጥሩ ጎማ ይመስለኝ ነበር። የፊተኛው ጎማ ጎን ተሰነጣጥቆ ክሩ እንደሚታይም አይቼ ነበር፤ አይቼ ተውኩት።

ዳገቱን እየገፋን ወጣን። ቁልቁል ስንመለስ እህቴን ከኋላ ጭኜ፣ ፍሬኑን ከመነሻው ጀምሬ እንደያዝኩ ነበር የምወርደው። ግማሽ መንገድ ላይ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የፊተኛው ጎማ ከቸርኬው ወጥቶ ፉርኬታው ውስጥ ተጠቀለለና ብስክሌቷ ባለችበት ቀጥ አለች። እኛ ግን አልቆምንም። እኔ ጉልበቴና መዳፌ ተላጠ። እህቴ ግራ እጇ ተሰበረ። እህቴ ደግሞ ግራኝ ናት። ስድስት ሳምንት በጀሶ ተቀመጠች፤ የዚያ መንፈቅ ፈተናዋ አለፋት።

ለእናቴ ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «ፍየል ገባብን» አልኳት። እህቴም አላጋለጠችኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌለች ፍየል ቤታችን ውስጥ ስትረገም ኖረች። እውነቱን የተናገርኩት 12ኛ ክፍል ስጨርስ ነው። እህቴ አሁን ደብረ ማርቆስ ነው የምትሠራው፤ ስትደውልልኝ ከሰላምታዋ ቀጥሎ «ፍየሏ ደህና ናት?» ትላለች።

ከአደጋው በሦስተኛው ቀን የተጣመመውን ቸርኬ ተሸክሜ በሰፈራችን ወደነበሩ አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ጠጋኝ ሄድኩ። ጎማውን አገላብጠው አዩና፣

«ይሄን ማነው የነፋው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ጎሚስታ ቤት።»

«ስንት ሞላኸው?»

«እስኪጠነክር ድረስ።»

«እኔ የጠየቅኩህ ስንት ብዬ ነው። ስንት ማለት ቁጥር ነው፣ የኔ ልጅ።»

በጨርቅ የጎማውን ጎን ጠረጉና አስጠጉልኝ። አቧራው ሲለቅ ከጎማው ጋር አብሮ የተቀረጸ ጽሑፍ ወጣ። «አንብብ» አሉኝ። 26 × 1.95 ይላል። ከሥሩ 40–65 ፒ.ኤስ.አይ ይላል። ወንድሜ ሁለት ዓመት፣ እኔ በየቅዳሜው ስንነዳት ይህን ጽሑፍ አላየነውም። «ትምህርት ቤት የሚልኩህ ምን ልታነብ ነው ታዲያ?» አሉኝ። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

እንግዲህ ከዚህ እንጀምር። 26 የሚለው የጎማው ቁመት ነው፣ በኢንች። 1.95 ውፍረቱ ነው። 40–65 የሚለው ደግሞ የንፋሱ መጠን ነው፤ ከ40 አታሳንስ፣ ከ65 አታሳልፍ ማለት ነው። ፒ.ኤስ.አይ በአንድ ካሬ ኢንች ላይ ያረፈ ግፊት በፓውንድ ሲለካ ነው። አንዳንዱ ጎማ በባር ይጽፋል፤ 1 ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ ነው። 50 ፒ.ኤስ.አይ ወደ 3.5 ባር ገደማ ይሆናል።

የፊዚክስ መምህራችሁ ግፊት ማለት ጉልበት ሲካፈል ለስፋት ነው ብለዋችኋል አይደል? ፈተና ላይ ብቻ የሚያገለግል መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። እናንተና ብስክሌታችሁ አንድ ላይ 75 ኪሎ ብትመዝኑ ከዚህ ውስጥ 45 ኪሎ ያህሉ የኋላ ጎማ ላይ ያርፋል። 50 ፒ.ኤስ.አይ ከሞላችሁ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ይሸከማል ማለት ነው። አካፍሉት። መሬቱን የሚነካው የጎማችሁ ክፍል 13 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከክብሪት ቀፎ ፊት ያንሳል። ንፋሱን ወደ 25 ብታወርዱት ስፋቱ እጥፍ ይሆናል። ፔዳሉ የከበዳችሁ፣ «ዛሬ ምን ነካኝ፣ ቁርስ አልበላሁም እንዴ?» ያላችሁበት ቀን ሁሉ ይህ ሊሆን ይችላል።

ሲያንስ ክፋቱ ድካም ብቻ አይደለም። ጎማው ለስላሳ ሆኖ ኮብልስቶን ጠርዝ ወይም ጉድጓድ ስትመቱ ቸርኬው ወርዶ ካላማዳሪውን ከድንጋዩ ጋር ይቆነጥጠዋል። ካላማዳሪውን አውጥታችሁ ስታዩ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ታገኛላችሁ፣ እባብ እንደነደፈው። አንድ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ወይም ሚስማር ነው። ሁለት ከሆነ ግን ጥፋቱ የእሾህ አይደለም፤ ንፋስ ያልሞላው ሰው ነው።

ሲበዛስ? ሲበዛ ብስክሌቷ በኮረኮንች ላይ እንደ ኳስ ትነጥራለች፣ ጎማው መሬቱን ጨብጦ አይይዝም፣ ፍሬን ስትይዙ ይንሸራተታል። ከዚያም ካለፈ የእኔና የእህቴ ታሪክ ይመጣል። የመኪና ጎማ የሚሞላ ኮምፕሬሰር ግፊቱ ትልቅ ነው፤ የብስክሌት ካላማዳሪ ደግሞ የሚይዘው አየር ጥቂት ነው። ሰው «ኧረ በቃው!» እስኪል ድረስ ያልፋል። ጎሚስታ ቤት መሙላት ካለባችሁ አንዴ ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ለኩ፣ ድገሙ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የእጅ መንፊያ ነው። ክንድ ያደክማል፤ ያ ነው ጥቅሙ። በክንዱ እየነፋ ጎማ የሚያፈነዳ ሰው እምብዛም የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም። ጎማ ሲፈነዳ ብዙ ሰው «ፀሐይ ነው ያፈነዳው» ይላል። አስልቼዋለሁ። በ20 ዲግሪ ሙቀት 60 ፒ.ኤስ.አይ የሞላ ጎማ ፀሐይ ላይ ቆሞ 50 ዲግሪ ቢደርስ ወደ 67 ገደማ ይወጣል። ጤነኛ ጎማ 7 ቁጥር ስለጨመረ አይፈነዳም። ከልኩ እጅግ አልፎ የተሞላና ጎኑ የተሰነጠቀ ጎማ ግን ሰበብ ነው የሚፈልገው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳትለቁ ስትወርዱ ደግሞ ቸርኬው ራሱ ይግላል። የእኔ ስህተት አንድ አልነበረም፤ ሦስት ነበር፣ በላዩ ላይ ሁለት ሰው ጫንኩበት።

ታዲያ ስንት እንሙላ? የተጻፈው መጠን ሰፊ ነው፤ በመካከሉ የእናንተን ቁጥር መፈለግ የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ የምጀምርበትን ልንገራችሁ። ጎማው 26 × 1.95 ሆኖ 40–65 የሚል ከሆነ፣ 50 ኪሎ የምትመዝኑ ከፊት 40 ከኋላ 45፣ 70 ኪሎ የምትመዝኑ ከፊት 45 ከኋላ 50። ከኋላ ሰው ወይም ሸክም የምትጭኑ ከሆነ የኋላውን ወደ 60 አድርሱት። የኋላው ሁልጊዜ ከፊተኛው ይበልጣል፣ ክብደቱን የሚሸከመው እርሱ ነውና። ቀጭን የእሽቅድምድም ጎማ ያላችሁ፣ 700 × 25 የሚል፣ 80 አካባቢ ትፈልጋላችሁ። ቀጭን ጎማ ብዙ፣ ወፍራም ጎማ ትንሽ። ብዙ ተማሪ የሚገምተው በተቃራኒው ነው። ነገር ግን ግፊቱ እኩል ከሆነ ወፍራሙ ጎማ ላይ የሚደርሰው ውጥረት ይበልጣል። ጎማው ላይ ከተጻፈውና እኔ ከነገርኳችሁ የቱን እንመን ካላችሁ የተጻፈውን እመኑ።

«መለኪያ የለንም» የምትሉ ብዙ ናችሁ። በተለይ የድሮዎቹ ከባድ የቻይናና የህንድ ብስክሌቶች ቫልቭ ለመኪና መለኪያ አይገጥምም። መላ አለው፤ የምትፈልጉት ማስመሪያና አንድ ጓደኛ ነው። ብስክሌቷን ግድግዳ አስደግፉ። ሳትቀመጡ ከመሬት እስከ ቸርኬው ጠርዝ ለኩ። ቀጥሎ ተቀመጡበት፣ እግራችሁን ፔዳል ላይ አድርጉ፣ ጓደኛችሁ በዚያው ቦታ እንደገና ይለካ። ጎማው ከቁመቱ 15 በመቶ ያህል ዝቅ ካለ ጥሩ ነው። 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል የነበረው 3 ነጥብ 8 ሲሆን ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከወረደ ንፉት። ምንም ካልወረደ ትንሽ አስተንፍሱት። የሒሳብና የፊዚክስ ክበብ ካላችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ ሞክሩትና የእያንዳንዱን ሰው ቁጥር ጻፉ።

ጎማ ባይበሳም በራሱ ቀስ በቀስ ይተነፍሳል። ላስቲኩ አየር ያሳልፋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ ማታ ዩኒፎርም ስትተኩሱ፣ እርሱንም እዩት። እዚህ ላይ የጎማ ንፋስን ለዓለም ያስለመደው መካኒክ እንዳልነበረ ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት ይኖር የነበረ የእንስሳት ሐኪም ነው። የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በድንጋይ መንገድ ላይ እንዳትንገጫገጭ ብሎ በንፋስ የተሞላ ጎማ ሠራላትና እ.ኤ.አ. በ1888 አስመዘገበው። ከእርሱ ከአርባ ዓመት በላይ አስቀድሞ ሮበርት ቶምሰን የተባለ ሰው ያንኑ ሐሳብ አስመዝግቦ ነበር፤ ግን ሰሚ አላገኘም። የሶሲዮሎጂ ሰው ብትሆኑ በዚህ ላይ አንድ መመረቂያ ጽሑፍ ትጽፉ ነበር። እንለፈው።

ካቴናውን ላንሳ። ደረቅ ካቴና ሲጮህ መቶ ሜትር ርቀት ላይ ይሰማል። ጨርቅ ነጭ ጋዝ ነከር አድርጋችሁ ጥረጉት። ቤንዚን አትጠቀሙ፣ እሳት ነው። ሲደርቅ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት፣ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይትም ይሆናል። ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ፣ ከዚያ ላዩን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ዘይቱ የሚያስፈልገው ውስጡ እንጂ ላዩ አይደለም፤ ላዩ ላይ የቀረው አቧራ ይሰበስባል። የምግብ ዘይት አይሆንም፣ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አይሆንም፣ የብረት ፍርፋሪ አለበት። በክረምት ቶሎ ቶሎ አድርጉት። ካቴናው ማለቁን ለማወቅ ደግሞ እንደገና ማስመሪያ፦ ከፒን እስከ ፒን 20 መገጣጠሚያ ቁጠሩ። አዲስ ሲሆን 25.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ 25.7 ከተጠጋ ቀይሩት፣ ካለበለዚያ ጥርሶቹን ሁሉ ይበላና ወጪው እጥፍ ይሆናል።

ፍሬን። ላስቲኩ የሚነካው ቸርኬውን ብቻ ነው፤ ጎማውን ከነካ ይቆርጠዋል። ስትጨብጡ የፍሬኑ እጀታ መሪውን መንካት የለበትም። ዘይት ቸርኬው ላይ ከተንጠባጠበ በሳሙና እጠቡት። የጎማዎቹን ዳዶዎች በመፍቻ ሞክሯቸው። የግራውን ፔዳል ስትፈቱ አልፈታ ካላችሁ አትታገሉ፣ ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ እንደምታጠብቁት ስታዞሩት ይፈታል። ይህን ሳላውቅ አንድ ፔዳል ሰብሬያለሁ።

አሁን ሴቶች ልጆች፣ ለእናንተ አንድ ነገር አለኝ። በሥራዬ በምዞርበት አንድ ቤት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለች። ብስክሌቷ ከጓሮ ግድግዳ ተደግፋ ሁለት ወር ቆማለች። ልጅቷ በእግሯ አንድ ሰዓት ያህል እየተጓዘች፣ በሩ እየተዘጋባት፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ስለሆነ ሒሳብ እያመለጣት ነው። «ብስክሌቷ ምን ሆነች?» አልኳት። «ወንድሜ አሠራልሻለሁ ብሎኛል» አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ! ወንድሟ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ረስቶት ነው። እርሷም ጎማ መፍታት የወንድ ሥራ ነው ተብላ ስላደገች አልነካችውም። የዚያን ዕለት አብረን ሠራናት፤ እኔ ተናገርኩ፣ እጁ የእርሷ ነው።

ጎማውን በሁለት የማንኪያ እጀታ ከቸርኬው አወጣች። በካቻቢቴ አይሆንም፣ ካላማዳሪውን ይወጋዋል። ካላማዳሪውን ነፍታ ባልዲ ውኃ ውስጥ ስትነክረው አረፋው ቀዳዳውን አሳየን። አደረቀችው፣ በአሸዋ ወረቀት ፈገፈገችው፣ ማስቲሹን በስሱ ቀባችው። እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚሳሳተው፦ ማስቲሹ እርጥብ እያለ ልጣፊውን ይለጥፋሉ። አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ በጣት ሲነካ የማያጣብቅ ሲሆን ነው የሚለጠፈው። ለጥፋ ተጭና ያዘችው። «ጨረስን?» አለችኝ። «አልጨረስንም፣ የጎማውን ውስጥ ዳብሺው» አልኳት። ቀስ ብላ በጣቷ ስትዳብስ የግራር እሾህ አገኘች፣ ሁለት ወር ሙሉ እዚያው ተሰክቶ ይጠብቃት ነበር። ሳይወጣ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ እንደገና ይበሳው ነበር። በሰዓት አይቼዋለሁ፤ ሠላሳ ደቂቃ አልሞላም። ሁለት ወር የሒሳብ ክፍለ ጊዜ በሠላሳ ደቂቃ ሥራ ምክንያት!

ወንድሟ ከኳስ ሲመለስ አየንና «ማን ሠራት?» አለ። «እኔ» አለችው። ከዚያ ወዲህ የእርሱንም የምትለጥፈው እርሷ ናት፤ ግን በነፃ አይደለም።

ይበቃኛል። ጥያቄ ካላችሁ ውጭ ሆነን እንነጋገራለን። ከዋርካው ሥር አንድ ባልዲ ውኃ፣ ሁለት መንፊያና አንድ መለኪያ አስቀምጫለሁ። መጀመሪያ የማየው ያቺን የፍሬን ላስቲኳ ያለቀ ብስክሌት ነው፤ ቀይ ናት፣ የፊት ፓራፋንጎዋ በሽቦ የታሰረ። የማን ናት? እጅ አውጡ፣ አትፈሩ። ... አንቺ ነሽ? ነይ፣ መፍቻውን አንቺ ያዢ።